ድመት የሚያክል፣ አይጥ የሚመስል

እኔ ድሮ ደንጋጣ ሰው አልነበርኩም። ዲቪ እንደደረሰኝ ሲነገረኝ «እሺ» ብዬ ምሳዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። እዚህ ቴክሳስ የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ፣ ሚስቴ ትርሲት መታጠቢያ ቤት ገብታ ጭንቅላቷን በትራስ ሸፍና ስትጸልይ፣ እኔ ደጅ ወጥቼ ሰማዩን በስልኬ ቪዲዮ የማነሳ ነበርኩ። ባለፈው ሚያዝያ ግን በአንድ እሁድ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ፣ የዕድሜ ልኬን ድንጋጤ ጨረስኩት። አሁን የማይክሮዌቭ ደወል እንኳ ክው ያደርገኛል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ የኔ ነው። ትርሲት መጀመሪያ ላይ «የመጽሐፉ ነው» እያለች ታግዘኝ ነበር። አሁን እሷም ትታዋለች።

የምንኖረው ግራንድ ፕሬሪ ነው። እኔ ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ባለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ፤ ትርሲት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ናት። በቀኝ በኩል ያሉት ጎረቤታችን ሚስ ግሎሪያ ይባላሉ፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። ትርሲት መኪና መንዳት የተማረችው በሳቸው መኪና ነው። የገዛ አጥራቸውን በገዛ መኪናቸው የገጨችባቸውም ያኔ ነው፤ «አጥሩ ድሮም አስጠልቶኝ ነበር» ብለው አለፉት። እዚህ አገር ዘመድ የለንም። ሶ፣ ፎርም ስንሞላ «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው» የሚለው ቦታ ላይ ሁለታችንም የምንጽፈው የሚስ ግሎሪያን ስም ነው።

እኚህ ሴትዮ ናቸው አንድ ቅዳሜ ጋራዣቸውን ሲያጸዱ ጠርተውኝ አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እጄ ላይ ያስቀመጡት።

«የአባቴ ነበር» አሉኝ። «አንተ ማንበብ ትወዳለህ፤ ውሰደው።»

ማንበብ እንደምወድ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ምናልባት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የመኪናዬን ማንዋል ሳገላብጥ አይተውኝ ይሆናል። ብቻ እንደ ሕፃን ታቅፌ አስገባሁት። ሽፋኑ የለም፤ የታተመበት ዓመት የተጻፈበት ገጽ ተቀድዷል፤ ወረቀቱ የሻይ ቀለም ይዟል። ሥዕል የሚባል ነገር አንድም የለበትም። ሥዕል ስለሌለበት፣ ያዘጋጀው ሰውዬ ማንኛውንም ነገር የሚያስረዳበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር ማመሳሰል።

ቢጫ ምንድነው? ወርቅ የሚመስል ቀለም። ወርቅስ? ቢጫ የሆነ ማዕድን። መራራ ማለት እንደ ሐሞት ያለ ጣዕም ነው፤ ሐሞት ደግሞ መራራ ፈሳሽ ነው። አዞን «እንሽላሊት የሚመስል፣ ግን እጅግ የገዘፈ» ይልና፣ እንሽላሊት ላይ ስትሄዱ «አዞ የሚመስል፣ ግን እጅግ ያነሰ» ብሎ ወደመጣችሁበት ይመልሳችኋል። እንስሳ ላይማ ይብስበታል። ሁሉንም የሚለካው በድመት፣ በአሳማና በጥንቸል ነው፤ የዚህኛው አፍንጫ የአሳማ፣ የዚያኛው ጆሮ የጥንቸል፣ የሌላው ቁመት ድመት የሚያክል። ሰውዬው ቤት ውስጥ ድመት፣ ጓሮው ውስጥ አሳማ እንደነበረው እርግጠኛ ነኝ። ብዕሩን ይዞ ቀና ሲል የሚያየው እነሱን ነው።

ወደድኩት። ማለቴ፣ እኔም አሜሪካን የተማርኩት እንዲሁ ነዋ! እንደመጣሁ የተቀበለኝ ጓደኛዬ «ኦትሚል በቃ አጥሚት በለው፤ ካውንቲ ማለት ወረዳ ነው፤ ላውንድሪ ቤቱን እንደ ወፍጮ ቤት ቁጠረው፣ ወረፋ ይዘህ ትቀመጣለህ» እያለ ነው ያስረዳኝ። ደግሞስ እኛ ምን እንላለን? ጭንቅላት የሚያክል ድንች፣ ውሃ የመሰለ ወጥ፣ ጣት የሚያክል ሚጥሚጣ። ከሞተ ስንት ዘመኑ እንደሆነ ከማላውቀው ሰውዬ ጋር ተግባባን። በምሳ ብሬክ ከኤ ጀምሬ በተራ ማንበብ ያዝኩ።

አመሉ ቀስ በቀስ አፌ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍቱ ሥር የፈሰሰ ነገር አየሁና በሬዲዮ ለሱፐርቫይዘሬ ጠራሁ።

«ጥቁር ማር የሚመስል፣ ትሪ የሚያክል ነገር ወለሉ ላይ አለ» አልኩት።

«ዘይት ነው?»

«ዘይት ይመስላል።»

«ዘይት ነው ወይስ አይደለም?»

«ዘይት የሚመስል፣ ግን ወፈር ያለ።»

ሰውዬው ሩጦ መጣ። ዘይት ነበር። ከዚያ በኋላ ሬዲዮውን ለሌላ ሰው ሰጠው።

ትርሲት ቤት ውስጥ ትታዘበኝ ነበርና አንድ ማታ «ስልክ አለህ አይደል? የምትፈልገውን ነገር ፎቶውን ለምን አታይም?» አለችኝ።

«ስልክ ያሳይሻል እንጂ አያስረዳሽም» አልኳት። ይህን ንግግሬን ትርሲት እስካሁን በየአጋጣሚው እያነሳች ታስቃለች፤ ታስቅብኛለች ማለቴ ነው።

እንግዲህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሚስ ግሎሪያ ሻንጣቸውን መኪና ላይ ጭነው በአጥር በኩል ጠሩኝ። ሴት ልጃቸው ሮውሌት የሚባል ከተማ፣ ሐይቅ ዳር ነው የምትኖረው፤ እስከ እሁድ እሷ ጋ ሊቆዩ ነው። ቁልፍ ሰጡኝ።

«ፕሬሽየስን አደራ» አሉ። «ምግቧ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ጧትና ማታ። ውሃዋንም ቀይርላት። ልጄ ናት፣ ታውቃለህ።»

«ፕሬሽየስ ማን ናት?»

«ፌረቴ ናት! ልጄ ካመጣችልኝ ወር ሆናት። አላየሃትም እስካሁን?»

ሁለታችንም ሺፍት ላይ ስለምንውል አላየናትም። ፌረት የሚለውንም ቃል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። «ፌረት ምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። እኔ ግን «ኦ ያ፣ ኖ ፕሮብለም!» አልኩ። በዚህች ቃል እኔ አሜሪካ ውስጥ ያልገባሁበት መከራ የለም።

ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላቱን ከፈትኩ። እንደ ዕድል ሆኖ በንባብ ኤፍ ላይ ደርሼ ነበር። ፌረት፣ ፖልካት የሚመስል ግን ያነሰ፣ ጥንቸል ለማደን የሚረዳ እንስሳ። እሺ፣ ፖልካትስ? ዊዝል የሚመስል፣ ግን የሚገማ። ዊዝልስ? ፌረት የሚመስል፣ ግን ቀጭን። ሦስቱን ቃላት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዞርኳቸው። ለሚያውቃቸው ሰው ይህ ማብራሪያ ነው፤ ሦስቱንም ለማያውቅ ሰው ግን በሩ የጠፋበት ቤት ነው። ሆኖም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ከየገጹ የለቀምኩትን አንድ ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ሹል አፍ። ረዥም ጅራት። አጭር እግር። ስል ጥርስ። ከአይጥ የሚበልጥ፣ ከድመት የማይበልጥ። አነበብኩትና «ገባኝ» አልኩ።

ስልኬ የት ሄዶ ነው ትሉኝ ይሆናል። ኪሴ ውስጥ ነበር። ቻርጁ ሙሉ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ እኔን የሚያክል ባለ ሦስት ፎቅ የሽቦ ቤት ቆሟል፤ ውስጡ ጨርቅ በጨርቅ ነው። ማንም አይታይም። ተኝታ ይሆናል ብዬ ምግቧን አስቀምጬ በእግሬ ጣት ወጣሁ። ማታ ስመለስ ምግቡ ተበልቷል፤ እሷ አሁንም የለችም። «ዓይናፋር ናት» አልኳት ለትርሲት። ስወጣ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈ ፎቶ አየሁ፤ ሚስ ግሎሪያ አንገታቸው ላይ የጠጉር ሻርፕ ጠምጥመው ይስቃሉ። በዚህ ሁሉ ሙቀት የጠጉር ሻርፕ! ዕድሜ መጥፎ ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

እሁድ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ስገባ የሽቦው ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ጨርቁን አንድ በአንድ አወጣሁት። ባዶ። በጉልበቴ ተንበርክኬ «ፕሬሽየስ! ፕሬሽየስ!» እያልኩ ከሶፋ ሥር፣ ከአልጋ ሥር፣ ከመጋረጃ ጀርባ ገባሁ። ለትርሲት ኮል አደረግሁ፤ በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች።

«ማታ ዘግተኸዋል?»

«ዘግቼዋለሁ። የዘጋሁት ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል አትበለኝ! ዘግተኸዋል?»

ይህን ጊዜ ከጋራዡ በኩል የሚንኮሻኮሽ ድምፅ መጣ። ሚስ ግሎሪያ ሙቀቱ እንዲወጣ የጋራዡን በር ከሥር ስንዝር የምታህል ክፍት ይተዋሉ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ገባን። ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጀርባ ሁለት ዓይኖች አበሩ። ፊቷ ነጭና ሹል ነው፤ አፍንጫዋ ሮዝ፤ ጅራቷ ጠጉር የሌለው፣ የአይጥ ጅራት የሚመስል፤ ቁመቷ ድመት የሚያክል። ጥርሷን ባልናገረው ይሻላል። ፖስታዬን አውጥቼ ተራ በተራ አመሳከርኩ። ሁሉም አለ።

«እሷ ናት!» አልኩ።

«ይሄማ አይጥ ነው!» አለች ትርሲት በሩን ይዛ።

«ከአይጥ ይበልጣል ነው የሚለው።»

«ይህችን ነው ‹ልጄ› የሚሏት? ይህችን?»

«ትርሲት፣ እባክሽ፣ ልጅ ለእናቷ እንዴት እንደምትታይ እኛ አናውቅም።»

የልብስ ቅርጫት አነሳሁና ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። «ነይ ፕሬሽየስ፣ ነይ የኔ ቆንጆ።» አፏን ከፈተች። አፍ አይደለም የከፈተችው፣ መሳቢያ ነው። እንደ ጎማ ፊሽሽሽ አለችብኝ። እኔ ጮህኩ። ትርሲት ከእኔ በላይ ጮኸች። ቅርጫቱ ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተንኳኳ። ያን ጊዜ ፕሬሽየስ ግትር አለች፣ ወደ ጎን ዘመመች፣ ዝርግት ብላ ወደቀች። ምላሷ ወጣ። ለሐጯ ወረደ። ዓይኗ ፈጦ ቀረ።

«ምን ሆነች?» አልኩ በሹክሹክታ።

ትርሲት ሳታስበው የሥራ ጸባይዋ መጣባትና ጓንት አጥልቃ ተንበረከከች። ደረቷን ነካች፣ እግሯን አነሳች፤ እግሯ ሲለቁት ወደቀ። ደግሞ ሽታዋ! ገና ከመሞቷ የከረመች ነበር የምትመስለው።

«ትንፋሽ ያላት አይመስለኝም።»

«አይመስለኝም ማለት ምን ማለት ነው? አንቺ አይደለሽ እንዴ የሕክምና ሰው!»

«እኔ የተማርኩት የሰው ነው!»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ልጁን አደራ ብሎኝ፣ ያውም እኚህ ሴትዮ፣ እኔ በቅርጫት አስደንግጬ ገደልኩባቸው። እንዲህ ክው ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ሚስ ግሎሪያ ቴክስት አድርገዋል፤ «ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ እመጣለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ልጄን ሳሙልኝ።»

ትርሲት አነበበችውና አለቀሰች። ለእንስሳዋ እንዳይመስላችሁ፤ «ከእንግዲህ በፎርሙ ላይ የማንን ስም እንጽፋለን?» እያለች ነው ያለቀሰችው።

አዲስ ከገዛነው ማይክሮዌቭ የተረፈውን ካርቶን አመጣሁ፤ ትርሲት ፎጣ አነጠፈችበት፤ ፕሬሽየስን አስተኝተን በሌላ ፎጣ ሸፈንናት፤ በረንዳው ላይ በክብር አስቀመጥናት። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ እንዴት ይነገር የሚለው ነው። «ፌረትዎ ሞታለች፣ ሶሪ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። በኛ ደንብ መርዶ በስልክ ይነገራል? አይነገርም። ብቻን ተሂዶ ይረዳል? አይረዳም። ሰው ይጠራል፤ ተረጂው እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ ከዚያ አንድ አንጋፋ ሰው አለዝቦ ይናገራል። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ ያለ ሐበሻ የሚደውለው ለአንድ ሰው ነው፤ ዩለስ ለሚኖሩት ለጋሽ መኩሪያ። ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ጥቁር ኮታቸው መኪናቸው ውስጥ ተሰቅሎ ነው የሚውለው።

«ጋሽ መኩሪያ፣ እንደምን አደሩ። መርዶ ነበር።»

«እግዚኦ! የማን?»

«የጎረቤታችን፣ የሚስ ግሎሪያ። ፕሬሽየስ አረፈችባቸው።»

«ፕሬሽየስ ምናቸው ናት?»

«ልጄ ነው የሚሏት።»

«በሳቸው ዕድሜ የልጅ ልጅ መሆን አለባት። ቢሆንም የልጅ ልጅም ልጅ ነው። ምን አገኛት?»

«ደንግጣ። እኛ እጅ ላይ።»

«እናንተ እጅ ላይ! ትልቅ ናት?»

«ኧረ ገና ልጅ ናት። ሣጥን ውስጥ አድርገናታል።»

«በዚህ ፍጥነት!» አሉ። «በሉ አትንኩ፣ ምንም አትናገሩ፣ መጣሁ።»

«ጋሽ መኩሪያ፣ አንድ ነገር፣ ፕሬሽየስ ማለት…» ስል ስልኩ ተዘግቷል። መልሼ መደወል እችል ነበር። ለእናንተ ምን እደብቃለሁ፤ የሚመጡት ለፌረት መሆኑን ቢያውቁ እንዳይቀሩ ፈርቼ ነው።

ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ። ጋሽ መኩሪያ ጥቁር በጥቁር ለብሰዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከወዲሁ ዓይናቸው ቀልቷል። ትርሲትን ሲያዩዋት አቅፈው ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ «ጋሽ መኩሪያ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» ብዬ ስጠጋ የሚስ ግሎሪያ መኪና መታጠፊያው ላይ ብቅ አለ።

«ዝም በል፣ ለኔ ተወው» አሉ ትከሻዬን ጫን አድርገው።

ሚስ ግሎሪያ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ወረዱ። የሚታያቸውን አስቡት። በራቸው ላይ አራት ሰው በሰልፍ ቆሟል፤ አንድ ጥቁር ኮት የለበሱ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ ሁለት ሴቶች ያለቅሳሉ። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ። አንድ በአንድ አዩን።

«ማነው?» አሉ።

ጋሽ መኩሪያ በዚያ በሚያምረው የኤርፖርት እንግሊዝኛቸው «ሚስ ግሎሪያ፣ እባክዎን መጀመሪያ ወደ ቤት እንግባ። ይቀመጡ» አሏቸው።

ይህች «ይቀመጡ» የምትባል ቃል በየትኛውም አገር አንድ ትርጉም ነው ያላት። ሴትዮዋ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ።

«ዳኒ ነው?» አሉ። «መንገድ ላይ ነው? ንገሩኝ! ዳኒዬ ነው?»

ወንድ ልጃቸው ዳኒ የረዥም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ይህን የሰማሁት ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ የደነገጥኩት ሁሉ ለካ ልምምድ ነበር። በልጅ መርዶ እየቀለድኩ እንደሆነ የገባኝ የሴትዮዋን ፊት ሳይ ነው። ዘልዬ ከፊታቸው ተንበረከክሁ።

«ዳኒ አይደለም! ሚስ ግሎሪያ፣ ዳኒ አይደለም! ፕሬሽየስ ናት! ፌረትዎ ናት የሞተችው!»

ጋሽ መኩሪያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። በአማርኛ «ፌረት ማን ናት?» አሉኝ።

«እንስሳ ናት፣ ጋሽዬ።»

«ምን?»

«ፖልካት የምትመስል፣ ግን ያነሰች።»

«አንተ ልጅ» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ፣ «እኔን ከዩለስ ድረስ፣ ያውም ከቅዳሴ አስወጥተህ…»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። በረንዳው ላይ ካርቶኑ ተንቀሳቀሰ። ፎጣው ተነሳ። ከፎጣው ሥር ነጭ ሹል ፊት ብቅ ብሎ ግራና ቀኝ አየ። ወይዘሮ አስቴር እልልታም ዋይታም ያልሆነ ድምፅ አወጡ። ጋሽ መኩሪያ አማተቡ፤ «ተነሣች!» አሉ። የሞተችው እንስሳ ከካርቶኑ ወረደች፤ ምንም እንዳልተፈጠረ በአራታችን እግር መካከል አልፋ፣ መሬት በተቀመጡት በሚስ ግሎሪያ ፊት በቀስታ ተራምዳ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች።

ሚስ ግሎሪያ በዓይናቸው ሸኟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፖሰም ነው» አሉ።

«ፕሬሽየስ አይደለችም?»

«ይሄ ፕሬሽየስን ይመስላል?»

ምን ልበል? በእኔ ፖስታ መሠረት ቁርጥ እሷን ይመስላል። በኋላ ኦ ፊደል ላይ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ሰውዬው የሚጽፈው «ኦፖሰም» ብሎ ነው፤ ድመት የሚያክል፣ ፊቱ ቀበሮ፣ ጅራቱ አይጥ የሚመስል፣ ሲፈራ ደግሞ የሞተ የሚመስል እንስሳ ይላል። ሰውዬው ጽፎልኝ ነበር። እኔ ኤፍ ላይ ቆሜ ነው እንጂ።

ደግፌ አስነሳኋቸውና ወደ ቤት ገባን። ቀጥ ብለው ሶፋው ጋ ሄዱ፤ ከጀርባው የተቀደደው ሽፋን ውስጥ እጃቸውን ሰደው አንድ ረዥም፣ ለስላሳ፣ ሸለምጥማጥ የሚመስል ነገር መዝዘው አወጡ። እያዛጋች ነበር። «ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትተኛው። በሩን ራሷ ነው የምትከፍተው» አሉ። አንገታቸው ላይ ሲያስቀምጧት ተጠመጠመች። ፍሪጁን አየሁ። ሻርፑ!

ግን አልሳቁም። ስልካቸውን አንስተው መጀመሪያ ዳኒ ጋ ደወሉ። አማሪሎ ከተማ፣ ነዳጅ ማደያ ቆሞ እየበላ ነበር፤ የሚያኝክበት ድምፅ ለእኛም ይሰማል። «ምንም አይደለም፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» አሉት። ስልኩን እንደዘጉ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። እኛ አራታችን በተርታ ቆመን መሬት መሬት እናያለን። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ይቅርታውን የጠየቁልኝ ጋሽ መኩሪያ ናቸው። «እመቤቴ፣ ልጁ ሞኝ ነው እንጂ ክፉ አይደለም» ብለው ጀመሩ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ወሬ በስልክ እንደማይነገር፣ ሰው ተሰብስቦ ሄዶ፣ አስቀምጦ፣ ይዞ እንደሚያረዳ፣ የሚወድቅ ቢወድቅ የሚደግፈው እንዲኖር መሆኑን ቀስ ብለው አስረዷቸው። «የመጣነው ለእንስሳ መሆኑን እኔም አላወቅሁም» ሲሉ ኮታቸውን አስተካከሉ።

ሚስ ግሎሪያ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ባለቤቴ የሞተ ቀን» አሉ፣ «ሱፐርማርኬት ውስጥ ነበርኩ። ስልክ ተደወለ። አንዲት ሴት የተወለደበትን ቀን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከዚያ ሞተ አለችኝ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ቲማቲም እንደያዝኩ ቆምኩ። ማንም አልያዘኝም። ራሴ ነድቼ ሄድኩ።» አራታችንን ተራ በተራ አዩ፤ የወይዘሮ አስቴርን የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ የጋሽ መኩሪያን ጥቁር ክራቫት። «ለፌረቴ አራት ሰው ይመጣል።»

ይህን ጊዜ ፕሬሽየስ ከአንገታቸው ወርዳ በወይዘሮ አስቴር ነጠላ ውስጥ ገባች። ወይዘሮ አስቴር ሶፋው ላይ ዘለው ወጡ፤ «ኧረ በማርያም አውጡልኝ!» አሉ። መጀመሪያ ሚስ ግሎሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ትርሲት፤ ጋሽ መኩሪያ እንደ ወግ አዋቂ ሰው ሳቃቸውን ሊውጡ ሞክረው አልቻሉም። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅሁት፤ ልቤ ገና ከሲሚንቶው ላይ አልተነሳም።

ልንሄድ ስንል ሚስ ግሎሪያ ጋሽ መኩሪያን አስቆሟቸው። ወረቀት ቀደው የሮውሌቷን ልጃቸውን አድራሻ ጻፉ።

«የኔ ቀን ሲደርስ» አሉ፣ «ልጄ በስልክ እንዳትሰማ። እንዲህ ሆናችሁ ሂዱላት። አስቀምጧት፤ ያዟት፤ ቀስ ብላችሁ ንገሯት።»

ጋሽ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «ዕድሜዎን ያርዝመው እንጂ፣ በክብር» አሉ፤ አጥፈውም በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት።

«ግን» አሉ ሚስ ግሎሪያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ሦስቴ ቀስቅሱኝ።»